ቤት የሚገባ ጫማ

ሮቤ ውስጥ ሰው ከየት እንደመጣ ለማወቅ ፊቱን ማየት አያስፈልገኝም፤ ጫማውን አያለሁ። ጥቁር ጭቃ እስከ ቁርጭምጭሚቱ የተለጠፈበት የሜዳው ሰው ነው። ስፌቱ ውስጥ ቀይ አፈር ገብቶ የደረቀበት ከጎባ በላይ ካለው ዳገት የወረደ ነው። ከዲንሾ በኩል የሚመጣው ደግሞ ብርዱን ፈርቶ ካልሲ በካልሲ ላይ ስለሚደርብ፣ ጫማው ጣቶቹ ጋ ይፈነዳበታል።

እኔ ጫማ ሰፊ ነኝ። ሙያውን ያስተማረኝ ሰው የለም። ተጥሎ ያገኘሁትን አሮጌ ጫማ እየተረተርኩ፣ እንዴት እንደተሰፋ እያየሁ፣ መልሼ እየሰፋሁ ተማርኩ። ማንበብም የተማርኩት እንዲሁ ነው፤ በጫማ ካርቶን ላይ ካለው ጽሑፍና ዕቃ ከተጠቀለለበት ጋዜጣ። በልጅነቴ ቆዳ ከሚሠራ ሰው ጋር መብላት የሚጠየፍ ነበር፤ የሚጠየፈውም ጫማ አድርጎ ነበር። ስለዚህ ቤቴ ውስጥ ሁለት ነገር አልወድም፤ ሥራ መናቅና «አልችልም» ማለት። ልጆቼ ይህን ስለሚያውቁ፣ ገና አፌን ስከፍት ቀሪውን ይጨርሱልኛል።

ያገሬ ሰው ለጫማው ያለው ክብር ለእግሩ ካለው ይበልጣል። በገበያ ቀን ከገጠር የሚመጣው ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ ጭቃውን በባዶ እግሩ ያቋርጣል። ከተማው መግቢያ ወንዙ ዳር ሲደርስ እግሩን ታጥቦ ጫማውን ያደርጋል፤ ሲመለስም እዚያው ያወልቃል። ለጥገና የሚመጣልኝ ጫማ ብዙ ጊዜ ሶሉ ደህና ሆኖ ተረከዙ ላይ፣ ጣት የሚሰካበት ቦታ የላላ ነው። ከመረገጥ ይልቅ መንጠልጠል የጎዳው ጫማ ማለት ነው። ሁላችንም ያደግነው እንዲህ ነው፤ ቆጣቢነት እንጂ ሌላ መስሎን አያውቅም።

ስለ እግር የሚባለውም ብዙ ነው። ውስጥ እግሩን የበላው ሰው መንገድ አለው። አንዱ ጫማ በሌላው ላይ ወጥቶ ከተገኘ ባለቤቱ ይጓዛል። የተቀመጠ ልጅ እግርን የተሻገረ ሰው ተመልሶ ካልተሻገረው ልጁ ይቀጭጫል። አንዳንዱ ሰው እግሩ እርጥብ ነው፤ የገባበት ቤት ዝናብ ወይም ገበያ ይከተለዋል። ጎረቤቴ ጨርቅ ነጋዴው ጠዋት ጠዋት ከማንም በፊት እኔ ሱቁን እንድረግጥለት ይፈልጋል። «ሪዝቅ፣ የዕለት እንጀራ፣ የሚሰጠው አላህ ነው እንጂ የኔ እግር አይደለም» እለዋለሁ። ብዬውም እረግጥለታለሁ። ተገልብጦ ሶሉ ወደ ሰማይ የዞረ ጫማ ካየሁም ሳላቀናው አላልፍም። እንደማላምንበት አውቃለሁ፤ ግን አላልፈውም። ሰውን ከሚያምነው ይልቅ ያደገበት ይገዛዋል።

ሴት ልጄ ልጅነቷን ያሳለፈችው ከጎባ በላይ፣ እህቴ ዘንድ ነው። እህቴ ልጅ ስላልነበራት ይህችን ወስዳ አሳደገቻት። እዚያ በገብሱ ማሳ፣ በቀዩ አፈር ላይ፣ እንደ መንደሩ ልጅ ሁሉ በባዶ እግሯ ሄደች፤ እኔ የሰፋሁላት ጫማም ለዒድና ለከተማ ተብሎ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ኖረ። ሁለተኛ ደረጃ ስትደርስ ወደ እኛ ተመለሰች። ትምህርቷን ስትጨርስ ሒና መቀባት ያዘች። የሙሽራ እጅና እግር ላይ የምትስለውን ሐረግ ያየ ሁሉ ለልጁ ሠርግ እሷን ይጠራል። እጇ መስመር አይስትም። ይህን ለእሷ ነግሬያት አላውቅም፤ ልጅ ፊት ለፊት ሲመሰገን ይበላሻል ብዬ ስለማምን ነው።

ግራ እግሯ እንደሚያቃጥላት መጀመሪያ ያወቀችው እናቷ ናት። ቀጥሎ ጣቶቿ አበጡ፣ ከዚያ የእግሯ ላይኛው ክፍል፤ ቆዳዋም ወፍራም ሆነ። ልጅቷ ቀሚሷን አስረዝማ ደብቃው ከርማለች። ሚስቴ ነገሩን ስትነግረኝ ፍርዱንም አብራ ነገረችኝ።

«ረግጣ ነው። መስቀለኛ መንገድ ላይ ያፈሰሱትን ነገር ረግጣ ነው» አለች።

ሌላው ሰው ደግሞ ከዚህ የባሰ ይላል፤ በደም የሚወረስ ነው፣ ከዚያ ቤት ልጅ አይወሰድም ይላል። ሚስቴ የፈራችው እግሯን ብቻ ሳይሆን ይህን ወሬ ነበር። ሶፍ ዑመር ዋሻ ወስዳ ዱዓ ልታስደርግላት አሰበች። ዱዓ አልከለክልም፤ ግን በመጀመሪያ ጤና ጣቢያ ትሄዳለች አልኩ፤ ይዣትም ሄድኩ።

ነርሷ ወጣት ሴት ናት። የልጄን እግር በእጇ ይዛ፣ በጣቷ ጫን እያለች አየች። የቀዩ አፈር ደቃቅ ብናኝ ለዓመታት በቆዳ ውስጥ ሲገባ በአንዳንድ ሰው ላይ የሚያመጣው በሽታ ነው አለች፤ እርግማንም አይደለም፣ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ገና ጅምር ስለሆነ፣ በየቀኑ በሳሙና ከታጠበች፣ በጣቶቿ መካከል አድርቃ ቫዝሊን ከተቀባች፣ ካልሲና ጫማ ሳታደርግ መሬት ካልረገጠች እብጠቱ ይቀንሳል። ችላ ካለችው ግን ያድጋል። ስለ ጫማው ግን ለጫማ ሰፊ እንደማትነግር ተናግራ ፈገግ አለች።

ሚስቴ ይህን ስትሰማ «አፈር? አፈር ላይ ያልሄደ ማን አለ?» አለች። ጥያቄዋ ጥያቄ ነው። አፈሩ አንዱን ይዞ ሌላውን ለምን እንደሚተው እኔም አላውቅም። የማላውቀውን ትቼ የማውቀውን ያዝኩ፤ ጫማ መሥራት አውቃለሁ።

እግሯን ካርቶን ላይ አቁሜ ዙሪያውን በእርሳስ አሰመርኩ። ጫማ የሚወጠርበትን የእንጨት ፎርማ ወስጄ፣ የግራውን በቁራጭ ቆዳ እየደራረብኩ አወፈርኩት፤ የእሷን እግር መልክ እስኪይዝ። ከዚያ አንድ ነገር አሰብኩ፤ ጥሩ ያሰብኩ መስሎኝ ነበር። ሁለቱ ጫማዎች እኩል ሆነው እንዲታዩ ቀኙንም አስፍቼ ውስጡን በስፖንጅ ሞላሁት። ስጨርስ ከውጭ የሚለያቸው ነገር አልነበረም፤ በሥራዬ ኮራሁ።

አደረገቻቸውና ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሄዳ ተመለሰች። ቀኙን አውልቃ ውስጡን በጣቷ ፈተሸች።

«ደህናውን እግሬን ለምን ያሳምሙታል፣ አባባ?» አለችኝ።

ስፖንጁን አወጣሁ፤ ቀኙን ተርትሬ በልኩ አጠበብኩት። የሰውን ጉዳት ለመሸፈን ብሎ ደህናውን ማበላሸት በብዙ ቤት ያየሁት ነገር ነው፤ በራሴ እጅ ስሠራው ግን አላወቅኩትም ነበር። ጫማው ግራና ቀኙ ተለይቶ ወጣ፤ ግን ያማረ ነበር፤ ጥቁር፣ ከቁርጭምጭሚት በላይ የሚታሰር። መንገድ ላይ ቀና ብላ ሄደችበት። እኔም ሥራዬን የጨረስኩ መሰለኝ።

ከዚያ የትምህርት ቤት ጓደኛዋ ሠርግ ደረሰ። ሠርጉ እሑድ ነበር፤ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ልጄ ሒናዋን አዘጋጅታ፣ አዲሱን ጫማዋን አድርጋ ሄደች። ብዙም ሳይቆይ ተመለሰች። የሒናው ሳህን እንደተሞላ በእጇ ነበር።

«ምን ረሳሽ?» አልኳት።

«ምንም።»

«ታዲያ?»

ሳህኑን አስቀመጠች። የሙሽራዋ ቤት ደጃፍ ላይ ጫማ ተከምሮ ነበር፤ ውስጡ ከዳር እስከ ዳር ምንጣፍና ፍራሽ፣ ሴቶቹ እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። የሙሽራዋ አክስት «ግቢ እንጂ፣ ምን ደጅ ታሞቂያለሽ?» አለቻት። ማሰሪያውን መፍታት ጀመረች፤ ከዚያ የሆነ ዕቃ ረስቻለሁ ብላ ተመለሰች። ይህን የነገረችኝ እንደ ተራ ወሬ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነው። መጨረሻ ላይ ዞር አለች።

«አባባ፣ የሠሩልኝ ጫማ እስከ ደጃፍ ነው» አለች።

በቀን አምስት ጊዜ መስጊድ ደጃፍ ላይ ጫማ የማወልቅ ሰው ነኝ። ጎረቤት ስገባ አወልቃለሁ፤ ለቅሶ ቤት አወልቃለሁ፤ ራሴ ቤት ስገባም አወልቃለሁ። እግሯን ለክቼ፣ መንገዱን አስቤ፣ ጭቃውን አስቤ፣ በሩን አላሰብኩም። የእሷ ሥራ ደግሞ ከበሩ ወዲያ ነው፤ ጓደኞቿም፣ ደስታውም፣ ሐዘኑም ከበሩ ወዲያ ነው። እዚህ አገር ጫማ አላወልቅም ያለ ሰው ቀስ በቀስ ከሰው ቤት ይቀራል፤ ማንም ሳያባርረው።

«ቤት መቀመጥ ግን የለም» አልኳት።

«ማን ተቀመጠ? ደክሞኝ ነው» አለችና ገባች።

ማምሻውን ሙሽራዋ ሰው ልካ ነበር። ከእሷ በቀር ለማንም እግሬን አልሰጥም ብላለች ተባለ። ልጄ አሞኛል በሉልኝ አለች። ሚስቴ ወደ መልእክተኛዋ ልትወጣ ስትል ያዝኳትና፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ትመጣለች በያት አልኳት። እንዴት እንደምትሄድ አላውቅም ነበር። ትመጣለች ብዬ ከላክሁ በኋላ ግን ማወቅ ግዴታዬ ሆነ።

ዓርብ ለጁምዓ ሄድኩ። ጠዋት ዝናብ ዘንቦ ስለነበር ውሃው አጥንት ይሰብራል። አጠገቤ አንድ ሽማግሌ ውዱእ ያደርጋሉ፤ ከዲንሾ በኩል የሚመጡ፣ ድሮ ፈረስ ይነግዱ የነበሩ ሰው ናቸው። ፊታቸውንና እጃቸውን ታጠቡ፤ እግራቸው ላይ ሲደርሱ ግን ውሃ አላፈሰሱም። እርጥብ እጃቸውን ባደረጉት የቆዳ ኹፍ ላይ አሳልፈው ተነሡ። ኹፍ እንደ ካልሲ ሆኖ የሚሰፋ ለስላሳ ቆዳ ነው፤ ብርድ ያስመረራቸው አዛውንቶች ያደርጉታል፤ ቤትም መስጊድም ይዘውት ይገባሉ። ይህን ዕድሜዬን በሙሉ ሳይ ኖሬያለሁ። ያን ቀን ግን ዓይኔን መንቀል አቃተኝ።

«ምን ታያለህ፣ ኢልማ ኮ፣ ልጄ? እግሬ ወርቅ አበቀለ እንዴ?» አሉኝ።

«ስፌቱን ነው የማየው» አልኳቸው። «ማን ሰፋልዎት?»

«የሰፋው ሞቷል። እንዲህ ያለ ሰው ዛሬ የለም።»

«አለ» አልኳቸው።

ሳቁ። ከሰላት በኋላ ግድግዳ ተደግፈው ተቀመጡና አንዱን አውልቀው ሰጡኝ። ገልብጬ አየሁት። ስፌቱ ሥጋ እንዳይነካ ወደ ውጭ ተደርጓል፤ ጠርዙ ተገልብጦ በመዶሻ ተስተካክሏል። የሞተው ሰው ሥራውን ያውቅ ነበር። ለማን እንደሆነ ሲጠይቁኝ ለልጄ ነው አልኩና፣ ለሴትም ይሆን እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«ብርድ ወንድና ሴት ይለያል እንዴ?» አሉኝ።

ኢማሙንም ጠየቅሁ። ለሴትም እንደሚፈቀድ፣ ግን እግር ታጥቦ ንጹሕ ሆኖ እንደሚደረግ፣ ቁርጭምጭሚትን መሸፈን እንዳለበት፣ ቀንና ሌሊት ሲሞላም ወልቆ እግሩ እንደገና እንደሚታጠብ ነገረኝ። ይህን ስሰማ ነርሷ ትዝ አለችኝ። ሁለቱ አይተዋወቁም፤ ያዘዙት ግን አንድ ነገር ነው።

ከመስጊድ በቀጥታ ወደ ሱቄ ሄድኩ። ያለኝን የለፋ የበግ ቆዳ አወጣሁ፤ ስስ የሆነውን መረጥኩ። በሰም የታሸ ክር አዘጋጀሁ። የልጄ እግር ጠዋት ቀለል ብሎ ማታ እንደሚያብጥ ስላወቅሁ፣ ከጎን በኩል ከፍቼ የሚላላና የሚጠብቅ ማሰሪያ አደረግሁለት። እስኪጨልም ሰፍቼ ይዤላት ገባሁ። አደረገችው። ሁለት እርምጃ ሄዳ ቆመች።

«ተናገሪ እንጂ።»

«እዚህ ጋ ይጫነኛል» ብላ የእግሯን ላይኛው ክፍል አሳየችኝ።

ስፌቱን ያሳለፍኩት እብጠቱ ላይ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ተርትሬ ስፌቱን ወደ ጎን አዛወርኩት። መተርተር ከመስፋት ይከብዳል፤ እጅ ሳይሆን ኩራት ነው የሚደክመው። ሚስቴ እስከዚያ ሰዓት በነገሩ አልገባችም ነበር፤ አጠገቤ መጥታ ቆመችና፣ ሄዳ አሮጌ የጥጥ ጨርቅ ይዛ መጣች። ገበሩን በእጇ ቆርጣ ሰፋችው። የእሷ ስፌት ከእኔ ይለሰልሳል።

ልጄ ሁለቱንም አድርጋ ቆመች። ግራው ከቀኙ ይወፍራል።

«ይታያል» አለች።

«ይታይ» አልኳት።

«ሰው ቢጠይቃትስ ምን ትበል?» አለች ሚስቴ።

«እውነቱን ትናገር።»

«ካልጠየቁኝስ?» አለች ልጄ።

«ካልጠየቁሽ ሥራሽን ሥሪ።»

ከሰዓት በኋላ ከእናቷ ጋር ሄደች። እኔ ትንሽ ቆይቼ ተከተልኳቸው፤ ለሠርግ የተተከለው ድንኳን ሥር ወንዶች ስለነበሩ እዚያ መቀመጥ ያስነቅፍ አልነበረም። ከተቀመጥኩበት ደጃፉ ይታየኛል። የተከመረው ጫማ ጋ ስትደርስ ቆመች። አጠገቤ ያሉት ስለ ገብስ ምርት ያወራሉ፤ እኔ አንድም አልሰማሁ። ጎንበስ ብላ ማሰሪያውን ፈታች፤ ጫማዋን አውልቃ ከሌላው ለየት አድርጋ አስቀመጠች። ቀኝ እግሯን አስቀድማ ገባች።

ውስጥ የሆነውን የነገረችኝ ሚስቴ ናት። ያችው አክስት ወደ እግሯ አይታ «ከነጫማሽ ነው እንዴ የገባሽው?» አለቻት።

«ጫማ አይደለም፣ ኹፍ ነው። እግሬ ያብጣል፤ ታምሜ ነው» አለች ልጄ።

አንዲት ሴት አጠገቧ የተቀመጠችውን ልጇን ወደ ራሷ ሳበች። ይህን ልደብቀው አልችልም፤ ሆኗል፤ ዛሬም በአንዳንድ ቤት ይሆናል። መጀመሪያ የተናገረችው ሙሽራዋ ናት። እግሯን ዘርግታ «ያንቺን ማን ቀቢ አለሽ? የኔን ቀቢ እንጂ። ከሐሙስ ጀምሮ ታጥቤ እየጠበቅሁሽ ነው» አለቻት። ሴቶቹ ሳቁ። ልጄ ተቀምጣ የሙሽራዋን እግር ጭኗ ላይ አድርጋ ጀመረች። ስትጨርስ ሌሎቹም እጃቸውን ሰጧት፤ ልጇን የሳበችው ሴት ግን አልሰጠችም።

ከሠርጉ ጥቂት ቀናት በኋላ አንዲት እናት ወደ ቤታችን መጣች። የሙሽራዋ ዘመድ ናት፤ ያን ቀን ሰው ሁሉ ውስጥ ሲሆን እሷ ከጓሮ ድስት ጠባቂ ሆና ውላለች። በድግስ ሁሉ እንዲሁ ነች፤ ሥራ ወዳድ ነች እያሉ ያመሰግኗታል። ሁለቱም እግሮቿ ከልጄ እግር የባሰ አብጠዋል፤ ጓሮውን የመረጠችው ለዚህ ነበር። ሱቄ አልመጣችም፤ እግሯን ለወንድ አታሳይም። ልጄን ለብቻዋ ማናገር ፈለገች።

ልጄ ወደ ጓዳ አስገብታት መጋረጃውን ጋረደች። ሲንሾካሾኩ እሰማለሁ፤ ቀጥሎ የውሃ ድምፅ፤ ልጄ እግሯን እያጠበችላት ነበር። ስለ ሳሙናው፣ ስለ ማድረቁ፣ እኔ ለእሷ ከምነግራት በላይ በጥብቅ ትነግራታለች፤ ቁጣዋ የኔን ይመስላል። ሴትየዋ «እሺ እናቴ፣ እሺ» ትላለች፤ ልጄ የልጇ ዕድሜ ናት።

ከዚያ ወዲህ ልጄ ሒናዋን ይዛ በገባችበት ቤት መለኪያ ክርም ትይዛለች። ጓሮ የተቀመጠች፣ በር ሥር የተቀመጠች፣ ቀሚሷን ያስረዘመች ካለች ዓይኗ ይለያታል። እግሯ አልዳነም፤ ጠዋት ከበፊቱ ቀሏል፣ ማታ አሁንም ይከብዳታል። መታጠብ የሚሰለቻት ቀን አለ፤ ቆሜ እመለከታታለሁ፤ ሳልጠይቃት «ታጥቤያለሁ፣ አባባ» ትለኛለች፤ እኔም ሳሙናው እርጥብ መሆኑን አያለሁ። የሚያገባት ይኖራል ወይ ብላ እናቷ ትጨነቃለች። አላውቅም። የማውቀው፣ በዚህች ከተማ የማትገባበት ቤት እንደሌለ ነው።

ትናንት ከጎባ ተመልሳ የአንዲት አሮጊት ልክ ሰጠችኝ። ቆዳውን ዘርግቼ፣ ልኩን ከላዩ አስምሬ ቢላዬን አነሣሁ። ከኋላዬ ቆማ ታያለች።

«ሰፋ አድርገው ይቁረጡት» አለችኝ። «የለካኋት ጠዋት ነው። ማታ ይጨምራል።»

ቢላዬን ከመስመሩ አርቄ፣ ሰፋ አድርጌ ቆረጥኩ።